ለቋንቋ ፈጣሪዎች ባንዲራ፦ ጀበናውን አውጡት፣ ግንቡንም

ጥያቄው፦ «ደሴ ውስጥ የራሳችንን ቋንቋ የምንፈጥር ልጆች ተሰባስበናል። አንዱ ሰዋስው ይሠራል፣ ሌላው ፊደል ይስላል፣ ገና ድምፁን ብቻ እየለየ ያለም አለ። ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የተቀላቀሉንም አሉ። ሁላችን የምንገናኝበት ቀን ስለቀረበ ባንዲራ ልናሠራ አሰብን። ንድፋችን ይሄ ነው፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መደብ፤ መሃል ላይ የባቢሎን ግንብ፤ ከኋላው ጦሳ ተራራ፤ ከፊቱ ጀበና፤ ወሎዬ ስለሆንን ግራና ቀኝ መስቀልና ጨረቃ፤ ላይኛው ማዕዘን ላይ የሰው ሠራሹ ቋንቋ የኤስፔራንቶ አረንጓዴ ኮከብ፤ ከታች የቡድናችን ስም በራሳችን ፊደል። ማተሚያ ቤት ስንወስደው “ይሄ አያምርም፣ ቀንሱለት” አሉን። ምኑን እንቀንስ? መጠኑስ በሕግ የተወሰነ ነው?»

ከዘረዘራችሁት ውስጥ ባንዲራው ላይ መግባት ያለበት አንድም ነገር የለም። ማተሚያ ቤቱ ልክ ነው። ማሽኑ አቅቶት እንዳይመስላችሁ፤ የዛሬ ማሽን የሰጡትን ሁሉ ያትማል። ችግሩ ያለው ባንዲራ በሚታይበት ሁኔታ ላይ ነው።

እናንተ የሠራችሁት ፖስተር ነው። ፖስተር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሰው ቀርቦ ያየዋል፣ ጊዜ ወስዶ ያነበዋል። ባንዲራ ግን ጨርቅ ነው። ይታጠፋል፣ ይርገበገባል፣ ነፋስ ከሌለ ምሰሶው ላይ ይጠመጠማል። ሰው የሚያየው ከሩቅ ነው፣ ያውም ለአፍታ። ሒሳቡን እንሥራው። ቁመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 1.5 ሜትር የሆነ ባንዲራ 30 ሜትር ርቃችሁ ብታዩት፣ ለዓይናችሁ የሚኖረው ስፋት 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ከያዛችሁት የ1.3 በ2 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ጋር እኩል ነው። ንድፋችሁን በዚህ ልክ አሳንሱና አትሙት። ጀበናው ጥቁር ጠብታ ይሆናል። መስቀሉና ጨረቃው ይጠፋሉ። ጦሳ ከግንቡ ጋር ይቀላቀላል። የሚተርፈው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የእናንተ አይደለም።

ከቀለሙ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሌላው ቢበላሽ አያምርም ከመባል አያልፍም፣ ይሄ ግን ጣጣ ያመጣል። የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 በአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ጽሑፍ፣ ምልክት ወይም ሥዕል መጨመርን ይከለክላል። በሦስቱ ቀለሞች መደብ ላይ ግንብና ጀበና መሳል እዚሁ ክልከላ ውስጥ ሊያስገባችሁ ይችላል። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ በአገራችን እነዚህ ሦስት ቀለሞች መሃላቸው ላይ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ እየታየ ሰው የሚነታረክባቸው ናቸው። «እኛ እኮ ቋንቋ ነው የምንፈጥረው» ብላችሁ የምታስረዱበት ጊዜ አታገኙም። የክልል ባንዲራዎችን ቀለምም በዚሁ ዓይን እዩት።

ቀጥሎ ጽሑፉ። ባንዲራ ሁለት ፊት አለው። በአንድ ፊት የታተመ ጽሑፍ ከኋላ ሲታይ ይገለበጣል። ይህን ለማስቀረት ሁለት ጨርቅ ጀርባ ለጀርባ መስፋት ይቻላል፤ ግን ባንዲራው ይከብዳል፣ ቀላል ነፋስ አያነሳውም። «ፊደላችንን ከእኛ በቀር የሚያነበው ስለሌለ ቢገለበጥም ግድ የለም» ትሉ ይሆናል። እንግዲያው ለምን ተጻፈ? ከዚህ የባሰም ነገር አለ። ቋንቋ ፈጣሪ ፊደሉን መነካካት አይተውም። ዛሬ የወደዳችሁትን «ረ» በሚቀጥለው ወር ትቀይሩታላችሁ፣ ባንዲራው ግን አሮጌውን ይዞ ይቀራል። የቡድኑ አባላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቋንቋ ካላቸው ደግሞ የማን ፊደል ይግባ? አንዱን መምረጥ ሌላውን ማስከፋት ነው።

ፊደልን ምልክት ማድረግ ልምድ ያላቸውንም ፈትኗል። የኤስፔራንቶ ሰዎች በ1987 እ.ኤ.አ. የቋንቋቸውን መቶኛ ዓመት ሲያከብሩ አዲስ ምልክት አወጡ። የላቲኑን «ኢ» እና የሩሲያውን «ኤ» ፊት ለፊት አጋጥመው ክብ ነገር ሠሩ። ሐሳቡ የምሥራቁና የምዕራቡ መገናኘት ነበር። ብዙዎቹ ተናጋሪዎች ግን «ይሄ እንቁላል ነው ሐብሐብ?» እያሉ ቀለዱበት። አሮጌው አረንጓዴ ባንዲራ ዛሬም ከቦታው አልተነቃነቀም።

ስለ አረንጓዴው ኮከብ የተሳሳታችሁትም እዚህ ላይ ነው። ኮከቡ የሰው ሠራሽ ቋንቋዎች ሁሉ ምልክት አይደለም። የኤስፔራንቶ ብቻ ነው። የኤስፔራንቶ ፈጣሪ ዛመንሆፍ ቋንቋውን በ1887 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ባንዲራውን በ1905 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይዋ ቡሎኝ ሱር ሜር የተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ጉባኤ ተቀበለው። አረንጓዴ መደብ፣ ላይኛው የምሰሶ ማዕዘን ላይ ነጭ አራት ማዕዘን፣ በነጩ ውስጥ አረንጓዴ ኮከብ፤ በቃ። አረንጓዴው ተስፋ ነው፣ ነጩ ሰላም፣ የኮከቡ አምስት ጫፍ አምስት አህጉር ይባላል። ኮከቡን ከሰቀላችሁ የሚያውቅ ሰው በኤስፔራንቶ ሰላም ይላችኋል። የኤስፔራንቶ ዓላማ ሰው ሁሉ የሚግባባበት አንድ ረዳት ቋንቋ ማስፋፋት ነው። የእናንተ ግን እያንዳንዱ የራሱን እንዲፈጥር ነው፤ ተቃራኒ ናችሁ ማለት ይቻላል። በነገራችን ላይ ከፊልም የመጡ ምልክቶችንም አትንኩ። በ«ስታር ትሬክ» ፊልም የሚታየው የክሊንጎን ዓርማ ባለቤት ያለው ንብረት ነው።

ወደ ግንቡ ስንመጣ ነገሩ ይጠልቃል። ግንቡን ያመጣችሁት ከየት እንደሆነ ይገባኛል። የዓለም ቋንቋ ፈጣሪዎች የሚያውቁት አንድ ባንዲራ አለ፤ በኢሜይል ይወያዩ የነበሩ ሰዎች ነድፈው በድምፅ የመረጡት። የምትወጣ ፀሐይ አለችው፣ ከፊቷ የባቢሎን ግንብ። ጎበዝ ንድፍ ነው። እንደ ቅርንጫፍ መታየት ከፈለጋችሁ ያንኑ እንዳለ ማውለብለብ ትችላላችሁ፣ አዲስ መሥራት አያስፈልጋችሁም። አዲስ የምትሠሩ ከሆነ ግን ግንቡን እዚሁ ወሎ አምጥታችሁ ትርጉሙን መዝኑት። በዘፍጥረት ምዕራፍ 11 የቋንቋ መደባለቅ የመጣው በትዕቢት ምክንያት ነው፤ ሰዎቹ እንዳይግባቡ ተደረጉ፣ ሥራቸው ቆመ። በቁርኣን ሱረቱል ሩም አንቀጽ 22 ደግሞ የልሳኖች መለያየት ከአላህ ተአምራት አንዱ ሆኖ ተጠቅሷል። ከቡድናችሁ ግማሹ ግንቡን ሲያይ ቅጣት ይታየዋል፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ ግንቡ ምንም አይነግረውም። የቋንቋ ብዛት ደስ የሚለው ቡድን የቋንቋ ብዛትን በቅጣት የሚያሳይ ሥዕል ለምን ይሸከማል? የውጪዎቹ በቀልድ ይዘውታል፣ ያምርባቸዋልም። እናንተ ግን ለአባትና ለእናት፣ ለሸህና ለመምህር ስታስረዱ ልትኖሩ ነው።

መስቀሉና ጨረቃው ከመልካም ልብ የመጡ ናቸው፣ አልጠራጠርም። ወሎ ውስጥ አንድ ቤት ሁለቱንም ይዞ መኖሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን ባንዲራ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሃይማኖት መከባበር ማኅበር መስላችሁ ትታያላችሁ። ያ ጥሩ ማኅበር ነው፣ የእናንተ ግን አይደለም። አንድ ሕጋዊ ጉዳይም አለ። በነጭ መደብ ላይ ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ በጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቁ ዓርማዎች ናቸው። «እንዲያምር» ብሎ በዚያ ቀለም የሚሠራላችሁ አታሚ አይጠፋም፤ ተጠንቀቁ።

ጦሳ የደሴ ተራራ ነው፤ የእኛም ነው ይሉ እንደሆነ የኮምቦልቻና የሐይቅ ልጆችን ጠይቁ። ጀበናው ላይ ብዙ አልልም። ቡና የማይፈላበት ማኅበር ኢትዮጵያ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ማንንም ከማንም አይለይም።

አንድ ነገር ግን ንድፋችሁ ውስጥ ሳላገኘው ቀረሁ፦ ቋንቋ መፍጠር እዚህ አገር እንግዳ ሥራ አለመሆኑ። አዝማሪዎች በሰው ፊት ቆመው ሰው ሳይሰማቸው የሚነጋገሩበት የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። የነጋዴዎችም ነበር፣ የዛር ቤትም እንዲሁ። አጥኚዎች መዝግበውታል። ልጆች ሆነን ድምፅ እየሰገሰግን የምናወራት የወፍ ቋንቋስ? የእናንተ ቡድን ባዶ ሜዳ ላይ አልበቀለም። «እንግዲያው ማሲንቆ እናድርግ» እንዳትሉኝ ብቻ። ማሲንቆ ያየ ሰው የሙዚቃ ቡድን ነው የሚላችሁ። ታሪኩን በአፍ ተናገሩት፣ ባንዲራው ላይ አትጫኑት።

እንግዲህ ምን ይግባ? ጥሩ ባንዲራ ልጅ አንዴ አይቶ በቃሉ የሚስለው ነው። ቀለሙ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ነው። ጽሑፍ የለውም፣ የሌላ ባንዲራ ግልባጭ አይደለም። ምልክቱ አንድ ነገር ይናገራል እንጂ ሁሉን አይናገርም። በባንዲራ ጥናት ላይ ያሉ ሰዎች ብዙ ነገር ላይ ይከራከራሉ፣ እዚህ ላይ ግን ከሞላ ጎደል ይስማማሉ። ቀለም ላይ ደግሞ የድሮው የአውሮፓ የዓርማ ሕግ ዛሬም ይሠራል፦ ነጭ ወይም ቢጫ በጠቆረ ቀለም ላይ ይቀመጥ፣ ወይም የጠቆረው በነጭና በቢጫ ላይ። ቀይ በአረንጓዴ ላይ፣ ጥቁር በሰማያዊ ላይ ከሩቅ አይለይም። ለማረጋገጥ ንድፋችሁን በስልክ ፎቶ አንሱና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ምልክቱ ከመደቡ ካልተለየ ቀለሙ አልሆነም።

መጀመሪያ ወደ ጭንቅላቴ የመጣው የብራና ቀለም ነበር። የሐይቅ እስጢፋኖስን የግዕዝ መጻሕፍት አስቡ፤ በዓረብኛ ፊደል የተጻፉትን የወሎ ሸሆች የአማርኛ መንዙማዎችም አስቡ። ሁለቱም ዘንድ ዋናው ጽሑፍ በጥቁር፣ የሚከበረው ቃል በቀይ ይጻፋል። የወሎን ሁለት የጽሕፈት ልማድ በነጣ መደብ ላይ በሁለት ቀለም መያዝ፣ ያለ መስቀልና ያለ ጨረቃ! ንድፈኛ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ግን ተውኩት። ጥቁር፣ ቀይና ነጭ የኦሮሚያ ክልል ባንዲራ ቀለሞች ናቸው። ወሎ ውስጥ ከሚሴም አለች፤ ሰው ወዲያው ወደ ፖለቲካ ይተረጉመዋል፣ ደጋፊም ተቃዋሚም ሆኖ። የቀለሙ ታሪክ ቢያምርም ለዚህ ቡድን አይሆንም።

የምመክራችሁ ይሄን ነው፦ ሙሉ ሐምራዊ መደብ፣ በላዩ ሁለት ነጭ ክብ፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። የእኛው ሁለት ነጥብ። ፊደል አይደለም፣ ስለዚህ የማንንም ድምፅ አይወክልም፣ የማንንም ፊደል አያስቀድምም። የድሮ ጽሑፋችን ቃልን ከቃል የሚለይበት ምልክት ነው። ቋንቋ የሚፈጥር ሰው መጀመሪያ የሚወስነውም ቃሉ የት እንደሚያልቅ ነው። ዛሬ በባዶ ቦታ ስለተካነው ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ምልክት ነው፤ ብትወስዱት ቅር የሚለው የለም። ከፊትም ከኋላም አንድ ነው፣ አይገለበጥም። የአምስት ዓመት ልጅ ይስለዋል። 30 ሜትር ርቆም ሁለት ነጥብ ነው።

ሐምራዊ ለምን? በአገሮች ባንዲራ ላይ እጅግ ብርቅ ነው። ዶሚኒካ በበቀቀኗ ላይ፣ ኒካራጓ በቀስተ ደመናዋ ላይ ጥቂት ጥቂት አላቸው። ምክንያቱ ዋጋ ነው ይባላል፤ በጥንት ጊዜ ውዱ ሐምራዊ ማቅለሚያ ከባሕር ቀንድ አውጣ እየተጨመቀ ይሠራ ስለነበር የነገሥታትና የባለጸጎች ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን በ1856 እ.ኤ.አ. ሰው ሠራሹን እስኪያገኝ ድረስ ማለት ነው። ሰው ሠራሽ ቀለም ለሰው ሠራሽ ቋንቋ፤ ይሄን ለሚጠይቃችሁ ሰው ንገሩት፣ ባትነግሩትም ባንዲራው አይጎድልበትም። ከመወሰናችሁ በፊት ግን አካባቢያችሁ ያለ የእግር ኳስ ክለብ፣ ማኅበር ወይም ፓርቲ ይህንኑ ቀለም ይዞ እንደሆነ አጣሩ።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለማኅበር ባንዲራ በሕግ የተደነገገ ልክ የለም። 2 ለ 3 የተለመደ ስለሆነና ጨርቅ ስለማያባክን እሱን ያዙ። 100 በ150 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ የእያንዳንዱ ክብ ስፋት 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የላይኛው ክብ መሃል ከላይኛው ጠርዝ 30፣ የታችኛው ከታችኛው ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ሁለቱም መሃላቸው ከምሰሶው ጎን 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሁን፤ የጨርቁ መካከል ላይ አታድርጉት። ነፋስ ሲጠፋ የሚታየው ለምሰሶው የቀረበው ክፍል ነው። የደሴ ጉም በወረደ ቀን ጨርቁ ረጥቦ ሲንጠለጠል ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ይህ ንድፍ ድክመት የለውም አልልም። ባንዲራውን ግድግዳ ላይ ወደ ታች ከሰቀላችሁት ሁለቱ ነጥቦች ጎን ለጎን ይመጡና የመብራት ሶኬት ይሆናሉ። ቀልዱን ማንም አይምራችሁም። ስለዚህ ለአዳራሽ የሚሆን ቁሙን የተሰፋ ሌላ ጨርቅ ያስፈልጋችኋል፣ ነጥቦቹ እዚያም ከላይና ከታች ሆነው። ሌላው፣ ንድፉ ወሎን አይናገርም። ይሄን ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት። ከጎንደር ወይም ከአዳማ የሚመጣ ቋንቋ ፈጣሪ ነገ ሲቀላቀላችሁ የሌላ ሰው ቤት የገባ እንዳይመስለው ነው። «ወሎ ካልተነሳ አንስማማም» የሚል ከበዛ፣ ስሙን ምሰሶው ላይ በሚታሰር ጥብጣብ ላይ ጻፉት እንጂ ጨርቁን አትንኩ።

አሠራሩ ላይ፣ ከማተሚያ ቤት ይልቅ ወደ ልብስ ሰፊ ሂዱ። ለማስታወቂያ የሚያገለግለው ባነር ፕላስቲክ ነው፤ አይርገበገብም፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ጨርቅ ላይ በአንድ ፊት የሚታተመውም ከኋላ ይደበዝዛል። ሁለት ቀለም ብቻ ስላላችሁ መስፋት ይቻላል፦ ሐምራዊ ፖሊስተር ቁረጡ፣ ነጩን ክብ ከፊትም ከኋላም በትክክል አንድ ቦታ ላይ ይስፋው፣ ጠርዙን በዚግዛግ ይያዘው። በሁለቱ ነጭ መካከል የቀረውን ሐምራዊ በጥንቃቄ ቆርጦ ካላወጣ ፀሐይ ስትመታው ነጩ ይዳምናል። ጥጥ ያምራል፣ ግን ሲረጥብ ይከብዳል፣ ይሸበሸባል። ቶሎ የሚተለተለው ከምሰሶው የራቀው ጫፍ ስለሆነ፣ እሱን ደርቦ አጥፎ ሦስት አራት ጊዜ እንዲመላለስበት ንገሩት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች፣ ሐምራዊም ከሚለቁት አንዱ ነው። ሁልጊዜ ተሰቅሎ አይዋል። ቀለሙን ደግሞ በስም አትዘዙ። «ሐምራዊ» ስትሉት አንዱ ወይን ጠጅ፣ ሌላው ሮዝ ሊያመጣላችሁ ይችላል። ቁራጭ ናሙና ይዛችሁ ሂዱ፣ ከፊሉን ለሚቀጥለው ጊዜ አስቀምጡ።

ከአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ጋር አብራችሁ የምትሰቅሉ ከሆነ የክብር ቦታው የእሱ ነው፤ የእናንተ ከእሱ ከፍ ብሎም በልጦም አይታይ።

የመጨረሻው ችግር ጨርቁ ላይ ሳይሆን ቡድናችሁ ውስጥ ነው። ያ ሁሉ ነገር አንድ ንድፍ ላይ የተከማቸው እንዴት እንደሆነ መገመት አያቅትም። አንዱ ጦሳ አለ፣ ሌላው ጀበና፣ ማንንም ላለማስከፋት ሁሉም ገባ። በስብሰባ መሃል ንድፍ አይሳል። መጀመሪያ «ጽሑፍ የለም፣ ከሦስት ቀለም አይበልጥም» በሚለው ተስማሙ። ከዚያ የፈለገ ሁሉ ስሙን ሳይጽፍ ንድፉን ያስገባ፣ የእኔንም ከመሃል ጨምሩት። ሁሉም በ1.3 በ2 ሳንቲ ሜትር ታትመው ይለጠፉ። ድምፅ ስትሰጡ እያንዳንዱ ሰው የሚስማማበትን ሁሉ ምልክት ያድርግበት፤ አንድ ብቻ ምረጡ ካላችሁ ድምፁ ይበታተንና ጥቂት ሰው ብቻ የወደደው ሊያሸንፍ ይችላል። ያሸነፈውን ደግሞ «ትንሽ ብናስተካክለው» እያላችሁ አትቀላቅሉት። ጀበናው የሚመለሰው በዚያች በር ነው። ለልብስ ሰፊው ቀብድ የምትሰጡት ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይሁን።